ፈረንሳይኛ በአውጫጭኝ

ደብረ ታቦር ውስጥ ፈረንሳይኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ጉና ተራራ ላይ የበቀለ ጅብራም ብቻውን ነው። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፣ «ይኼ ደግሞ ምን ይሆን?» ይላል፣ ለማገዶ እንደማይሆን ሲያውቅ ትቶት ይሄዳል። የሚያርመኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። ስህተት ከተገኘም የተሳሳተችው ፈረንሳይ ናት።

የመጣሁት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የፈለግሁት ሕግ ነበር፤ ምደባው ፈረንሳይኛ አለኝ። ስመረቅ በባቡሩ ሰበብ ፈረንሳይኛ የሚሰማባትን ድሬዳዋን ፈለግሁ፤ ምደባው ደብረ ታቦር አለኝ። ባቡሩ ወደ ምሥራቅ፣ ፈረንሳይኛው ወደ ሰሜን። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ወረቀቴን ገልብጦ ገላልጦ አየና «እንግሊዝኛስ ትሞክራለህ?» አለኝ። እሞክራለሁ አልኩት። «ተገላገልን! እንግሊዝኛ ታስተምራለህ። ፈረንሳይኛውን በተረፈህ ጊዜ ታደርገዋለህ» አለኝ። እንዲህ ሆነና ፀጉሬ እስኪሸብት ሰባ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እንግሊዝኛ ስጮህ ኖርኩ፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለፈለገ ተማሪ ፈረንሳይኛ። ውጤት እሰጣለሁ፣ ካርድ ላይም ይጻፋል፤ አማካይ ሲወጣ ግን አይደመርም።

አለመደመር ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። የማይደመር ትምህርት ሳይጠራ ድግስ የመጣ እንግዳ ማለት ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፤ «እስቲ ይመርቁ» የተባለ ጊዜ ግን ማንም ወደ እርሱ አይዞርም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ክፍል ገብቼ «ቦንዡር» ስል ከኋላ አንድ እጅ ይወጣል።

«መምህር፣ ይደመራል?»

«አይደመርም።»

ግማሹ ደብተሩን ሰብስቦ ይወጣል። የሚቀሩት ወይ ፍቅር የያዛቸው ናቸው ወይ ብርድ የያዛቸው፤ ክፍሉ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባው ነበርና። እነዚያ ናቸው የፈረንሳዩን «መስዩ» ወዳፋቸው አምጥተው «ሙሴ» ያሉኝ። ከእነርሱ ከተማው ወሰደው፣ ከከተማው ገጠሩ። ገበያ ላይ ገብስ ስጠይቅ «ለሙሴ ዋጋ አሳንሱለት፣ የሩቅ አገር ሰው ነው» ይባልልኛል። እኔ'ኮ እዚሁ አጠገብ የይፋግ ልጅ ነኝ።

አንድ ጊዜ ፈረንሳይኛዬ ለወግ ለማዕረግ የሚበቃበት ቀን መጣ። ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ቱሪስቶች ከተማው መሐል ጎማ ፈነዳባቸው፣ ፈረንሳዮች ናቸው ተባለ። ተማሪዎቼን እንደ ጦር አሰልፌ ደረስኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንዴት እንደዋሉ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበረ፣ አገራችንን እንዴት እንዳዩአት፣ ባንድ ትንፋሽ ጠየቅኋቸው። ከመካከላቸው አንዲት ሴት በጥሞና ሰማችኝ፣ ፈገግ አለች፣ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ ጎማ በፈነዳ ቁጥር «ሙሴን ጥሩት!» ይባላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ድካሙ አለ። ታክቶኝ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ጉሮሮዬ ጠመኔ ጠግቧል። አንድ ነገር ብቻ እጠብቅ ነበር፦ ጡረታ ሳልወጣ ፈረንሳይኛ አንድ ዓመት እንኳ ተደምሮ ማየት። የሚስቅብኝ ይሳቅ፤ ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፣ እኔ መደመር ፈለግሁ።

መንገዱን የሠሩት ቻይናዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ከሄዱ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን አዲሱ ርእሰ መምህር ቢሮው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ክራባቱን ተኝቶም የሚያወልቀው አይመስለኝም።

«ሙሴ፣ መመሪያ መጥቷል። ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ የውጭ ቋንቋ እንዲደመር ተፈቅዷል። የትኛው እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ጋር ይወስናል።»

«ተደመርኩ!» አልኩ በሆዴ። ሌላ ቋንቋ በሌለበት ትምህርት ቤት ምን ምርጫ አለ ብዬ። ሞኝ ነኝ። እኛ ዘንድ የሌለ ነገር ያለውን ማሸነፍ ልማዱ ነው።

የወላጆች ኮሚቴው ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ተናጋሪ ርእሰ መምህሩ ራሱ ነበር፤ ቻይንኛ አለ። «ዓለም ወዴት እየሄደች እንደሆነ እንይ እንጂ!»

«አስተማሪውን ከየት ታመጣዋለህ?» አልኩት።

«ይላካል።»

«ማን ይልካል?»

«ሙሴ፣ አሁን ዝርዝር ውስጥ አንግባ።»

ቀጥላ የተነሣችው ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት እናት ናት። ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፍታለች፤ ሴት ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አረብኛ አለች።

«ይኸውላችሁ፤ ሴቶች ልጆቻችን የሚሄዱት ፓሪስ አይደለም። ሂዱ ብትሏቸውም አትሂዱ ብትሏቸውም ይሄዳሉ። ደንቁረው ከሚሄዱ ገብቷቸው ይሂዱ። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ እመቤቲቱ ‹መጥረጊያ› ስትለኝ ውሃ፣ ‹ውሃ› ስትለኝ ሕፃኑን ታቅፌ ከተፍ እልላት ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ፈረንሳይኛ የአፍሪካ ግማሽ ቋንቋ እንደሆነ፣ የዲፕሎማት ቋንቋ እንደሆነ፣ አስተማሪውም ተልኮ የሚመጣ ሳይሆን እነሆ በሥጋ በነፍሱ ፊታቸው የቆመ እንደሆነ ተናገርኩ። ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ ሴትዮዋ ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«ሙሴ፣ ነፍሴ፤ እነዚያ ጎማ የፈነዳባቸው በምን ነበር የመለሱልህ?»

አንድ ቄስ ከኋላ «ግእዝ እያለ!» አሉ። ግእዝ የውጭ ቋንቋ አይደለም ቢባሉ «ደጅ ወጥታችሁ የሚናገረው ሰው ካገኛችሁ እሺ፣ የአገር ውስጥ ነው» ብለው ተከራከሩ። እንደዚያ እየተባባልን ዋልን። ገብቼ ስወጣ ጢሜ አድጎ ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አዛውንት ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ያርሳሉ፣ በሽምግልና አገር ሁሉ ያውቃቸዋል። ሁሉም «አባባ» ይላቸዋል። እስከ መጨረሻው አልተናገሩም። ርእሰ መምህሩ «አባባ፣ አንቱስ ምን ይላሉ?» ቢላቸው፣

«ልጆቻችንን እንዲሄዱልን ነው እንዴ የምናስተምራቸው?» አሉ። ስብሰባው እዚያ ላይ ተበተነ።

አባባ በዚያው ሰሞን ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። ሲመለሱ ጉልበታቸውም ድኗል፣ ሐሳብም ይዘዋል። «ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳስበው» አሉን፣ «ይኼ ነገር በአውጫጭኝ ካልሆነ አይወጣም።»

አውጫጭኝን የማያውቅ ወጣት ቢኖር ልንገረው። በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል ሽማግሌ አገሩን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስባል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሰው አንድ በአንድ እየተጠራ ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሯቸው ይነግራል። «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም፤ የተናገረችው ወፏ ናት።

ርእሰ መምህሩ ክራባቱን ያዝ አድርጎ፣ «አባባ፣ ይኼ'ኮ የትምህርት ጉዳይ ነው፣ የበሬ አይደለም» አላቸው።

«በሬ ጠፍቶ ባንድ ቀን አግኝተናል። እናንተ በስብሰባ ያገኛችሁት ምን አለ?»

ይህን የሚመልስ መመሪያ አልመጣም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወላጁ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ዘበኛው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ጋቢው ውስጥ ከተተ። አባባና የተመረጡ ሁለት ሽማግሎች ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ ለልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። እኛ ሜዳው ላይ ቀረን። ከጉና የሚወርደው ንፋስ ውሻን ከነጩኸቱ ያደርቃል። ፀሐይዋ ወጥታ ነበር፣ ግን እንደ እኔ ምደባ የደረሳት እንጂ ወዳ የመጣች አትመስልም። ቀስ እያለ ተራው ይሄዳል። የመጣነው ጾመን አስቀድሰን ነው፤ ሆድ ሲጮህ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። አጠገቤ የነበሩ አባት ተኙ፣ አለሙ፣ ነቅተው ሕልማቸውን ነገሩኝ፣ ፍቺውን ሳልጨርስላቸው መልሰው ተኙ።

ሴትዮዋ ቁጢጥ ብላ ከፊቴ ተቀምጣለች።

«ሙሴ፣ ከተሸነፍክ ምን ትሆናለህ?»

«የነበርኩትን።»

«እሱስ ምን ነበር?»

እርሱን ሳስብ ተራዬ ደረሰ። ልጄ እዚያው ትማር ስለነበር እንደ ወላጅ ተጠራሁ። አባባ ለአውጫጭኝ የሚባለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ወረዱት፦

«ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ የጠረጠርከውን ሳትደብቅ ተናገር። ወፍህ ምን አለችህ?»

«ፈረንሳይኛ አለችኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። «እሱንማ እናውቃለን» አሉ አባባ። «አንተ ባለጉዳይ ነህ። የባለጉዳይ ወፍ አትቆጠርም። ሂድ ተቀመጥ ልጄ።»

ወፌም ሳትደመር ቀረች። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የአባባ ጥያቄ የምርጫ ጥያቄ እንዳልነበረ፣ «የትኛውን ትመርጣለህ?» የሚል ቃል አንድም እንዳልነበረበት ያኔ ልብ ልል ይገባኝ ነበር። ግን የራበው ሰው ቃል አይመዝንም፤ እኔ ደግሞ ከራብ በፊትም ደክሞኝ ነበር።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሽማግሎቹ እየተደጋገፉ ወጡ። የተኙትን አባት ቀሰቀስኳቸው። አባባ ምርኩዛቸውን ተከሉ።

«ወፍ ተናግራለች። ከአንድ ሁለት ሰው በቀር አገሩ ባንድ አፍ ነው የተናገረው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሌባው እንግሊዝኛ ነው።»

እኔ የምሰማው የሕልም ፍቺ መስሎኝ ነበር። ወላጁ ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። አንዲት እናት እልል አሉ።

«እኔስ ድሮም ጠርጥሬው ነበር!»

«የእኔን ሁለት ልጆች ማትሪክ ላይ የበላ እሱ ነው!»

«ልጄ ሒሳቡን'ኮ ታውቀዋለች! ጥያቄው የሚለውን ነው ያጣችው!»

ርእሰ መምህሩ ሮጦ መሐል ገባ። «አባባ! እንግሊዝኛ'ኮ ለምርጫ አልቀረበም!»

«ሌባ መቼ ነው በገዛ እግሩ የሚቀርበው?»

እንዲህ ነው የሆነው። አገሬው አውጫጭኝ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥፋተኛ ማውጣት። ያየኸውን ተናገር ሲባል ያየውን ተናገረ። ያየው ደግሞ ቤት ቁጭ ያለ ልጁን ነው። ቻይንኛ ማንንም አልጣለም፣ አረብኛ ትምህርት ቤት ደርሶ አያውቅም። የማንን ስም ይጥራ?

«እንግሊዝኛን ማባረር አንችልም፣ ከላይ የመጣ ነው» አለ ርእሰ መምህሩ።

«ማን አባርሩት አላችሁ?» አሉ አባባ። « ይካስ። የበላቸውን ልጆች ይካስ።»

እዚህ ላይ የዚያ ወጣት ጭንቅላት እንዴት እንደሠራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክራባቱን አቃና፣ ድምፁን ለሰሰ አደረገ። «ወላጆች ትክክል ናችሁ። እንግሊዝኛ ይክሳል። ከሰኞ ጀምሮ ለደከሙ ልጆች በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እንሰጣለን። ክፍለ ጊዜውም አለ፣ የፈረንሳይኛው ነው። አስተማሪውም አለ። የሌሎቹ ቋንቋዎች ጉዳይ በሂደት ይታያል።»

በሂደት ይታያል ማለት በቢሮ ቋንቋ ነፍስ ይማር ማለት ነው። ጭብጨባው ግን የሰርግ ነበር። ሌባው በተያዘ በአፍታ ከጎረቤት ቤት ሁለት ክፍል ተጨምሮለት ተሾመ፤ ካሳውን የሚከፍለውም ጎረቤቱ ሆነ።

እጄን አወጣሁ። አባባ «ተናገር» አሉኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ፈረንሳይኛንስ? ወፏ ምን አለች?»

አባባ ሁለቱን ሽማግሎች አዩ፤ እነርሱም አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ክፉ ያለው የለም፣ ልጄ።»

«ደግስ?»

«ደግም ያለው የለም። ስሙን ያነሣ የለም።» ከዚያ በጣም በደግነት፣ እንደሚመርቁ ሆነው፣ «ንጹሕ ነው። በሰላም ቤቱ ይግባ» አሉ።

ዘበኛው በሩን ከፈተ፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወጣ። እኔ ሜዳው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ቢከሱት ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ያ ፈረንሳይኛ የሚሉት ልጄን አፈዘዘብኝ» ቢል ኖሮ በደስታ እክስ ነበር። ያን ያህል ዓመት አስተምሬ አንድ ጠላት አለማፍራት ከባድ ነው።

«ሙሴ!» አለችኝ ሴትዮዋ ከበሩ። «ንጹሕ ሰው ሆዱ ይራበዋል። ና።»

ምግብ ቤቷ ወስዳ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ እየተንተከተከ። እርሷም አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለት ተሸናፊ ባንድ ትሪ።

«የእኔንም ያነሣ የለም'ኮ» አለች። «እኔና እህቴ ብቻ ነን ያልነው።»

«አንቺስ ሁለት ነበርሽ። የእኔ ወፍ አልተቆጠረችም።»

«እስቲ ‹ደክሞኛል› በፈረንሳይኛ ምን ይባላል?»

«ጀ ስዊ ፋቲጌ።»

«ይረዝማል። በአረብኛ ተዕባና ነው፣ አንድ ቃል። ቤይሩት መጀመሪያ የለመድኩት እሱን ነበር። ግን ለካ የማይባል ቃል ነው፤ ስለው ‹ለመድከም ነው የመጣሽው?› ይሉኝ ነበር።» ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ልጄ እንድትለምድልኝ የፈለግሁት እሱን አልነበረም። የሚመለሰውን ነው። ምን ብላ እንደምትመልስላቸው።»

በቀልድ የምመልሰው ነገር ፈለግሁ። ከሽሮው አንድ ጉርሻ ጠቀለልኩ።

ሰኞ በዚያው ፀሐይ በሚገባው ክፍል የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ያለፈው ዓርብ የጻፍኩት ፈረንሳይኛ ነበር፤ አጠፋሁት። ተማሪው ከመብዛቱ የተነሣ መስኮት ላይ የተቀመጠ አለ፤ ለመተንፈስ ተራ ይዘን ነበር ማለት እችላለሁ። ጠመኔዬን አንሥቼ ገና ቀኑን ሳልጽፍ፣ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«መምህር፣ ይደመራል?»

ዞሬ አየሁት። «አይደመርም» አልኩ። «ማጠናከሪያ ነው።»

ግማሹ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ከቀረው ግማሹ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ወንበሮቹ ተራቁተው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ጥግ ብቻ ሰው ነበረበት። ቀና ብዬ አየኋቸው። የድሮዎቹ ናቸው፤ መስከረም መጥቶ በሄደ ቁጥር ለማይደመር ነገር መቀመጥ የለመዱት። የሴትዮዋም ልጅ ከእነርሱ ጋር ከፊት ነበረች።

እንግሊዝኛው መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ሰሌዳው ላይ ቀኑን በፈረንሳይኛ ጻፍኩ። የጉና ንፋስ ይገባል ብዬ ሄጄ በሩን ዘጋሁት።